የባቡሩ ክረምት

ግንቦት 13 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም

ደብዳቤው መጣ። ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ምክትል ርዕሰ መምህራችን መምህር ገብረሰንበት ሦስታችንን ቢሯቸው ጠርተው ራሳቸው አነበቡልን። የላከችው ኡርሱላ ናት፤ አምና ከጀርመን እህት ትምህርት ቤታችን መጥታ ሁለት ሳምንት ከእኛ ጋር የሰነበተችው መምህርት። ሦስት መምህራን ለሃያ አራት ቀን ጋብዛለች። ጀርመን ድረስ በአውሮፕላን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጉዞው ሁሉ በባቡር። አንድ ካርድ ይሰጠናል፤ በዚያ ካርድ ከአገር አገር የፈለግነው ባቡር ላይ እንወጣለን። የምናድረው የወጣቶች ማደሪያ ነው። ሻንጣ የለም፤ በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ብቻ። ስንመለስ ያየነውን ለተማሪዎቻችን እናስተምራለን። ይህ ከተሳካ ደግሞ በሚመጣው ዓመት ሦስት ሴት ተማሪዎች ይሄዳሉ።

የተመረጥነው እኔ፣ ሠርክአዲስና ወንዳወቅ ነን። ሠርክአዲስ የቡሬ ልጅ ናት፤ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ አንድ ግቢ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ወንዳወቅ የፈረስ ቤት ልጅ ነው፤ ታሪክ ያስተምራል። ስለ እሱ ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም።

እኔ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። አምስት ዓመት ሙሉ የአውሮፓን የባቡር መስመር በጠመኔ ስስል ኖሬያለሁ። ባቡር ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ግንቦት 17

ከተማው ሰምቷል። የፓስፖርት ፎቶ ስንነሳ ባለ ፎቶ ቤቱ «መልካም ኑሮ» ብሎ ሸኘን። መልካም ጉዞ አላለም።

ዳቦ ቤት ተሰልፌ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ስለ እኛ ያወራሉ። ሦስቱም እንደወጡ ይቀራሉ፣ የሚመለስ ጅል ከየት ይገኛል ይላሉ። ዞር ብዬ «እኔ እመለሳለሁ» ልላቸው ነበር። ዳቦዬን ይዤ ሄድኩ። ቢሆንም እመለሳለሁ። እዚህ የጻፍኩት ሌላ ቀን እንዳይጠፋኝ ነው።

የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ዋስ አምጡ ብሏል። ሦስታችንም እንደምንመለስ በስሙና በሥራው የሚፈርም ሰው። አራት ሰው ጠየቅን። አንዱ አመመኝ አለ፤ አንዱ ሚስቴን ላማክር አለ፤ ሁለቱ ሳቁብን።

ግንቦት 24

ካርታ ልዋስ ወንዳወቅ ቤት ሄድኩ። የመጽሐፍ መደርደሪያው ባዶ ነው። መጽሐፎቹን ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሰጥቷቸዋል። አልጋው ላይ የዲግሪው ዋናው ወረቀት በላስቲክ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

ይህን ምን ያደርግልሃል አልኩት። ለቪዛ ይጠይቁ ይሆናል አለ። እኛን ማንም አልጠየቀንም፤ ዝርዝሩን አብረን ነው ያነበብነው። እሺ አልኩት። ካርታውን ይዤ ወጣሁ።

መጽሐፍ መስጠት ጥሩ ነገር ነው። ሰው መጽሐፍ ስለሰጠ ምን ይባላል?

ግንቦት 27

ዋስ ተገኘ። መምህር ገብረሰንበት ራሳቸው ፈረሙልን። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረዋል፤ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ነው የቀራቸው። ጽሕፈት ቤቱ ድረስ አብረውን ሄደው መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ሦስት ወረቀት ላይ ሦስቴ ፈረሙ። «ትመለሳላችሁ ወይ» ብለው አልጠየቁንም። ኃላፊው ለእኛ ሲል ጮክ ብሎ አነበበው፤ ከሦስቱ አንዱ ቢቀር ተጠያቂው እሳቸው ናቸው።

ወንዳወቅ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። ተው ብለው ያዙት።

እኔ ከአጠገባቸው ነበርኩ። አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ልል እንደነበረ አላውቅም። ብዕሩ ቀለም ጨርሶ ኖሮ የእኔን ሰጠኋቸው።

ሰኔ 12፣ አዲስ አበባ

ኤምባሲ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሰልፍ። የጠየቀችኝ ሴት አማርኛ ታውቃለች። ለምን ትመለሻለሽ አለችኝ። መስከረም ላይ ክፍል አለኝ አልኳት። ሳቀች። እኔ ቀልዴን አልነበረም።

ሰኔ 28፣ ጅጋ

ቪዛው ለሦስታችንም ወጣ።

ወንድሜን እጅጉን ልሰናበት ጅጋ ወረድኩ። ከእርሻ መልስ ነው፤ እግሩ ጭቃ እንደሆነ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ብዙ አይናገርም። ከብት ስላየ ስለ ከብት፣ ዝናብ ስለጣለ ስለ ዝናብ አወራኝ። ልነሳ ስል ግን እንዲህ አለኝ፦

«አምለሰት፣ ብትቀሪ ማንም አይፈርድብሽም። እኔም አልፈርድብሽም።»

ፈቃድ መስጠቱ ነው። የተሰጠኝን ፈቃድ የምጥልበት ቦታ አጣሁ። የፈረሙልን ሰው አሉ አልኩት። እሱስ ነው ብሎ ቀና ብሎ ደመናውን አየ።

ሐምሌ 8፣ ፍኖተ ሰላም

ነገ መነሻ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በርበሬ። ሠርክአዲስ ድልህ ካልያዝኩ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ሁለቴ ፈሰሰባት። ጎረቤቶች እንደ ለቅሶ ቤት ተራ በተራ ይገባሉ። አንዷ አቅፋኝ አልቅሳ አልቅሳ «አደራ ስትደላደዪ ልጄን አስቢያት» አለችኝ። ሃያ አራት ቀን ነው ብላት አልሰማችኝም።

ሐምሌ 11፣ ፍራንክፈርት

ባቡር አየሁ።

ልጆቹን ስንት ጊዜ አሳስቻቸዋለሁ። ባቡር ያጓራል ብዬ ነበር የማስተምረው። አያጓራም። ቁጭ ባልንበት መድረኩ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ፤ የምንሄደው እኛ መሆናችንን ያወቅሁት ሰዎቹ እያነሱ ሲመጡ ነው። ሠርክአዲስ መቀመጫውን በሁለት እጇ ይዛ ጸሎት ታደርሳለች። ወንዳወቅ መስኮቱን በግንባሩ ተደግፎ እንደ ልጅ ይስቃል። እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ኡርሱላ ካርዶቹን አደለችን። እስከ ኮሎኝ ሸኝታን ትመለሳለች፤ ከዚያ ብቻችንን ነን። ስልኳን በሦስታችንም ደብተር ጻፈች።

ሐምሌ 13፣ ኮሎኝ

ራይን። ወርጄ እጄን ነከርኩ። ከባቡር ጣቢያው እዚህ ድረስ በእግር ነው። «ለመርከብ የሚያገለግል ወንዝ» እያልኩ የማስጽፈው ይኸው ነው፤ ጀልባው ላይ ልብስ የሚያሰጣ ሰው እንዳለ ግን መጽሐፉ አይልም። እጽፈዋለሁ፣ እነግራቸዋለሁ። አርባ ሦስት ፎቶ አነሳሁ።

ሐምሌ 18፣ ፓሪስ

ስድስት አልጋ ያለው ክፍል ደረሰን፤ ሦስቱ የእኛ ነው። ዛሬ ከምድር በታች በሚሄደው ባቡር ሦስት ጊዜ ተሳስተን አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ወጣን። ሠርክአዲስ በሦስተኛው «ይህችን ከተማስ አወቅናት፣ እዚሁ እንኑር» ብላ ደረጃው ላይ ተዘረጋች። ሆዳችን እስኪቆስል ሳቅን። ጫማዬ ስለላጠኝ ወንዳወቅ ቦርሳዬን በቦርሳው ላይ ደርቦ ተሸከመልኝ። ልቀበልህ ብለው እንቢ አለ።

ማታ ደጅ ከሕዝብ ስልክ ሲያወራ አለፍኩ። «ሰኞ ጠዋት፣ ሚላን» አለ። ሌላም ብሏል። እርምጃዬን አፈጠንኩ።

ሐምሌ 22፣ ባቡር ላይ

ስዊዘርላንድን አቋርጠን ወደ ሚላን። ተራራ፣ ዋሻ፣ ተራራ። ላሞቹ ደወል አንጠልጥለዋል። ሠርክአዲስ የቡሬ ላም ይህን ሣር ብታይ ታለቅሳለች አለች። ወንዳወቅ ዳገቱን እያየ «የእኛ ደጋ ዳሞት ነው እኮ» አለ። «ልዩነቱ መንገዱ ብቻ ነው።» ከዚያ እስከ ሚላን አንድ ቃል አልተናገረም።

እኔም አልተናገርኩም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠን።

ሐምሌ 23፣ ሚላን

ወንዳወቅ የለም። ስንነቃ የለም። ቦርሳውም የለም።

ሐምሌ 24፣ ሚላን

ጣቢያውን ዞረን ዞረን ጨረስነው። ሠርክአዲስ ፖሊስ ጋ እንሂድ ብላ ነበር፤ የቀረ ሰው አልጠፋም አልኳት። ትኩር ብላ አየችኝ።

ለኡርሱላ ደወልን። ከፈለጋችሁ ነገ ኑ፣ ቀድማችሁ ትመለሳላችሁ አለችን። ሠርክአዲስም እንሂድ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ጉዞ አለ አለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አስራለች፣ ፈትታለች፣ አስራለች።

እኔ እንቀጥላለን አልኩ። የመጣነው ለትምህርት ነው። ቪየናና ፕራግ ቀርተዋል፤ የባቡሩ ቦታ ተይዟል። ሦስት መምህር ተልኮ አንድ ቀረ መባሉ አይቀርም፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ሥራቸውን ጨርሰው መጡ ይባል። ከቀረልን ነገር ሁሉ በእጃችን ያለው ይህ ብቻ ነው። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ማዶ አልጋ ላይ ያለችው ልጅ መጽሐፏን ዘጋች።

እንቀጥላለን።

ሐምሌ 27፣ ቪየና

ሁለት ሙዚየም። የዳንዩብ ማስታወሻ፣ ዘጠኝ ገጽ። ባቡሩ ውስጥ ሦስተኛው መቀመጫ ባዶ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ መጥተው በምልክት ጠየቁኝ። በምልክት ይቀመጡ አልኳቸው።

ነሐሴ 1፣ ፕራግ

ፍልሰታ ገባች። ዳቦና ወይራ ፍሬ በልተን ድልድዩ ላይ ተቀመጥን።

ሠርክአዲስ «ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

አላውቅም ነበር አልኳት።

ከዚያ ስለ ራሷ ነገረችኝ። ፍራንክፈርት የአክስቷ ልጅ አለች። የመጣን ለት ስልክ ደውላላት፣ ስትመለሺ ከአውሮፕላን ማረፊያው እወስድሻለሁ ብላታለች። እስከ ሚላን ድረስ ሆዷ ውስጥ ይዛው ነበር። «አንቺ ያን ቀን እንቀጥላለን ስትዪ ነው የተውኩት» አለች። «አንቺም ብትቀሪ ኖሮ እቀር ነበር። እኔ የማየው አንቺን ነው።»

እውነቱን ነግራኛለች፤ እኔ ግን ዋሸኋት። እዚያው ድልድይ ላይ፣ በጾም።

ነሐሴ 5

አውሮፕላን ማረፊያ። የአክስቷ ልጅ መጣች። ሠርክአዲስ አቅፋ ሳመቻት፣ በርበሬውን ሰጠቻት፣ ከእኔ ጋር ተሰለፈች። ሰልፉ ረጅም ነው። ወደ ኋላ አላየችም። እኔ ግን አየሁ።

ነሐሴ 9፣ ፍኖተ ሰላም

መናኸሪያ ስንወርድ ሰው ከበበን። ደስ ያለው የለም፤ የገረመው ብቻ። ምን ሆናችሁ መጣችሁ፣ አባረሯችሁ ወይ ይሉናል። ያቺ «ልጄን አስቢያት» ያለችኝ ጎረቤት እንደ ተቀማ ሰው አየችኝ።

ቦርሳዬን እንዳዘልኩ መምህር ገብረሰንበት ቤት ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኛል። አጥራቸውን ሲጠግኑ ነበር፤ እጃቸውን ታጥበው አስቀመጡኝ። በባቡር ሳለሁ የተዘጋጀሁበት ብዙ ንግግር ነበር። የወጣው ይህ ነው፦

«የኔታ፣ እንደሚቀር አውቅ ነበር። ከመፈረምዎ በፊት አውቅ ነበር።»

ስለ ባዶው መደርደሪያ ነገርኳቸው፤ ስለ ዲግሪው ወረቀት፣ ስለ ፓሪሱ ስልክ። ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሱ ሰሙኝ። ስጨርስ እንዲህ አሉኝ፦

«ነግረሽኝ ቢሆን አልፈርምም ነበር። እሱም አይሄድም ነበር። ለዚህ ነው ያልነገርሽኝ።»

አዎ አልኳቸው።

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም አልለመንኩም። ሂጂ ዕረፊ፣ ለመስከረም ተዘጋጂ ብለው ወደ አጥራቸው ተመለሱ።

ነሐሴ 14

መምህር ገብረሰንበትን ከምክትልነት አነሷቸው። ደብዳቤው «ያለ በቂ ጥንቃቄ» ይላል። ሠላሳ ሁለተኛ ዓመታቸውን በሙሉ ክፍለ ጊዜ ያስተምራሉ። ቁልፉን ዛሬ አስረከቡ። ሰላም ብለውኝ አለፉ።

ነሐሴ 22፣ ፈረስ ቤት

ክረምት ስለሆነ መኪናው ግማሽ መንገድ ላይ ጭቃ ያዘው። የቀረውን በእግሬ ወጣሁ፤ አምስት ሰዓት ፈጀብኝ። ቀድሞ መሄድ ነበረብኝ። በየቀኑ ነገ እያልኩ ነው የዋልኩት።

የወንዳወቅ እናት እመት ዓባይነሽ ይባላሉ። ፎቶዬን ብቻ አይተው ያውቁኝ ኖሯል፤ ከበር ላይ በስሜ ጠሩኝ። እግሬን አጥበው እሳት ዳር አስቀመጡኝ። ልጅዎ ቀርቷል ብዬ ገና ስጀምር እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ነግሮዎት ነበር ወይ አልኳቸው።

«ምንም አልነገረኝ» አሉ። «ሊሰናበት መጥቶ ሳምንት ተቀመጠ። ጣራውን ከደነ። ከዚያ እንጨት ይፈልጥ ጀመር። ላንድ ወር የሚሄድ ሰው የሦስት ዓመት ማገዶ አይፈልጥም፣ ልጄ።»

ከቤቱ ጀርባ ወስደው አሳዩኝ። ከቁመቴ በላይ ተከምሯል፤ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ተሸፍኗል።

ከዚያ ጠየቁኝ። «አንቺንስ ምን ብሎ ተለየሽ?»

እዚህ ላይ መጻፍ ያለብኝን ልጻፍ። ሐምሌ 23 ቀን የጻፍኩት እውነት አይደለም። ሠርክአዲስ ደብተሬን ብታየው ብዬ ነው። ስንነቃ ጠፍቶ አልነበረም። ጎህ ሲቀድ ቀስቅሶኝ ጣቢያው ድረስ ሸኝቼዋለሁ። ባቡሩ እስኪመጣ ሃያ ደቂቃ መድረኩ ላይ ቆምን። አብረን እንቅር አለኝ። ይህን ለመጠየቅ ሁለት ዓመት እንደፈጀበት ነገረኝ። የኔታ ፈርመዋል አልኩት። ለእሳቸው ነው የምትመለሺ አለኝ። ለራሴ ነው አልኩት። በዚያ ሰዓት እውነት መሆኑን አላወቅሁም ነበር፤ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያወቅሁት። እኔም ሁለት ዓመት መጠበቄን ግን አልነገርኩትም። ባቡሩ እንደ ሌሎቹ ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ ሄደ።

ለእመት ዓባይነሽ ይህን ሁሉ አላልኳቸውም። «ነይ አለኝ፤ አልመጣም አልኩት» አልኳቸው።

እሳቱን በእንጨት ጫፍ ሲነካኩ ቆዩ።

«እንግዲያ ብቻውን ነው በይኛ» አሉ።

ሊወቅሱኝ አልነበረም። ወቀሳ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ጳጉሜን 2

የኡርሱላ ደብዳቤ ደረሰ። ትምህርት ቤቷ ተሰብስቦ መክሯል፤ ግማሹ ጉዞው ይቅር ብሏል፤ እሷ ሁለቱ ተመልሰዋል ብላ ተከራክራለች። ግብዣው እንዳለ ነው፤ ሦስት ሴት ተማሪዎች፣ በሰኔ። ነገር ግን ከዚህ በኩል ዋስ ይፈልጋሉ።

መስከረም 3 ቀን 2000 ዓ.ም.

የመምህራን ስብሰባ። አዲሱ ምክትል ደብዳቤውን አንብቦ ዋስ የሚሆን አለ ወይ አለ። አርባ ሰው ጠረጴዛውን አየ። አንድ መምህር ዘንድሮም ሌላ ምክትል እንዳናጣ አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። መምህር ገብረሰንበት ከኋላ ተቀምጠዋል፤ አልሳቁም።

እጄን አወጣሁ።

ምክትሉ «የቀረው ያንቺ ጓደኛ አይደል እንዴ?» አለኝ።

ነው አልኩ። የሚቀር ሰው ምን እንደሚመስል ከዚህ ቤት የማውቀው እኔ ነኝ አልኩ። ባለፈው ማወቅ ሳይሆን መጠየቅ ነው ያቃተኝ፤ አሁን እያንዳንዷን ሳልጠይቅ አልፈርምም። ቆሜ ጨረስኩ። ከኋላ የኔታ «ትፈርም» አሉ። አንድ ቃል ነው።

መስከረም 22

ሦስቱ ልጆች ተመርጠዋል። ፎቶዎቹን አሳየኋቸው፤ ባቡር አያጓራም ብዬ የአምስት ዓመት ስሕተቴን አረምኩ።

ከሦስቱ መጀመሪያ ንግሥቴን ለብቻዋ ጠራኋት። የአሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ከጅጋ ማዶ ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ። አስቀመጥኳትና በግንቦት ያልጠየቅሁትን ጠየቅኋት።

«ንግሥቴ፣ ብትሄጂ ትመለሻለሽ?»

ሌላ ልጅ ብትሆን ወዲያው አዎ ትል ነበር። እሷ መስኮቱን አየች፣ ጫማዋን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«አላውቅም፣ ቲቸር» አለች። ፊቷ ቀላ። «መሄዴ ይቀራል ማለት ነው? ሌላ ሰው ትልካላችሁ?»

«አይደለም» አልኳት። «ያወቅሽ ለት መጥተሽ ንገሪኝ። የምትነግሪኝ የትኛውንም ቢሆን ነይ። እስከ ግንቦት ጊዜ አለን።»